ለ40 ሊትር ባሕር የሚሆን ውሃ

ደሴ፣ ኅዳር፣ እሑድ ማታ

ዛሬ ሌሊት የውሃ ተራችን ነው። ጀሪካኖቹ ግቢ ውስጥ ተደርድረዋል። ስድስቱ የእማ ናቸው፤ ሁለቱ የእኔ። የእኔዎቹ ለመጠጥም ለወጥም አይደሉም፤ ለገንዳዋ ናቸው። ሁለት ጀሪካን ውሃ በእኛ ሰፈር ቀላል ነገር አይደለም። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልጻፈው።

ገንዳዋ ሳሎን ጥግ ላይ ናት። 40 ሊትር ትይዛለች። ጨዋማ ውሃ፣ ነጭ አሸዋ፣ ጥቂት ድንጋይ፣ ሁለት ቀንድ አውጣ፣ አንድ ሽሪምፕና ሁለት ቁራጭ ኮራል አለባት። ኮራሎቹን አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ ከራሱ ገንዳ ቆርጦ ነው የሰጠኝ። 400 ኪሎ ሜትሩን ሙሉ ሳጥናቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ መጣሁ። ጣርማ በር ላይ ብርዱ ሲብስ ጋቢዬን አለበስኳቸው።

አባቴ የአሰብ ሹፌር ነበር። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ይወርዳል። በ1990 ዓ.ም. መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ ተመላልሷል። ስለ ባሕር መጀመሪያ የሰማሁት ከእሱ ነው። «ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ታች ያለው ድንጋይ ሲያብብ ታየዋለህ» ይለኝ ነበር። ድንጋይ እንዴት ያብባል እያልኩ አደግሁ። ጅዳ ሄጄ የጌጥ ዓሣ መሸጫ ውስጥ ስቀጠር ነው ነገሩ የገባኝ። የሚያብበው ኮራል ነው። እነሱ መርጃን ይሉታል። ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። አባቴ ይህን ሳልነግረው አረፈ።

ጅዳ ሳለሁ ስለ ውሃ አስቤ አላውቅም። ጓዳ ውስጥ ውሃ የሚያጣራ ማሽን አለ። ባልዲዬን እሞላለሁ፣ የባሕር ጨዉን እበጠብጣለሁ፣ አለቀ። ደሴ ስገባ ግን ጨዉ ተገኘ፣ ውሃው ቸገረኝ።

በቧንቧ ውሃ ጀመርኩ። የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ አድርጌበት፣ አሳድሬው ተጠቀምኩ። ሰው የሚጠጣው ውሃ ለእነሱ ምን ይሆናል ብዬ ነው። ሐምሌ ላይ መስታወቱ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ለበሰ። እጠርገዋለሁ፤ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ይመጣል። ከኮራሎቹ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ ክብ አበቦች አሉት። መብራቱ ሲበራ አንድ በአንድ ይከፈታሉ። በዚያ ሳምንት አንዱም አልተከፈተም። ጠርዛቸውን ወደ ውስጥ አጥፈው እንደ ተጨበጠ ጡጫ ሆኑ። ዘጠኝ ቀን ቆጠርኩ።

ወዳጄ ጋ ደወልኩ። «ቲ.ዲ.ኤሱን ለክተሃል?» አለኝ። አልለካሁም። ቲ.ዲ.ኤስ. መለኪያ እስክሪብቶ የምታክል ነገር ናት። ጫፏን ውሃ ውስጥ ስትነክራት በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም ነገር እንደሟሟ ገምታ ትነግርሃለች። ምን እንደሆነ ግን አትለይም። የእኛን የቧንቧ ውሃ 340 አለች። ለኮራል የሚፈለገው ዜሮ ነው፤ ወይም ከዜሮ ብዙ ያልራቀ።

340 ለሰው ጥሩ ውሃ ነው። አብዛኛው እማ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም። ግን አብረውት ናይትሬትና ፎስፌት ካሉ አልጌ ይቀልባሉ። ሲሊካው ያንን ቡናማ አቧራ ይቀልባል። እኔ ከሁሉ የምፈራው መዳብን ነው። ከቧንቧና ከመገጣጠሚያ የምትወጣ ጥቂት መዳብ እኛን ምንም አታደርገንም። ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ግን አይችሏትም።

ደግሞ ነገሩ ይጠራቀማል። እኔ ያልገባኝ ይሄ ነበር። ከገንዳዋ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ይተናል። የደሴ አየር ብርድና ደረቅ ነው፤ ውሃው ደግሞ በማሞቂያ 25 ዲግሪ ላይ ይቆያል። ስለዚህ ትነቱ ይፈጥናል። የሚተነው ንጹህ ውሃ ብቻ ነው፤ ጨዉም ሌላውም እዚያው ይቀራል። እኔ ደግሞ የጎደለውን በቧንቧ ውሃ እተካለሁ። በወር 15 ሊትር። በ340 ሲባዛ ከ5 ግራም በላይ ነው። በየወሩ አንድ የሻይ ማንኪያ የማላውቀው ነገር እየጨመርኩባቸው ነበር ማለት ነው። ይህን በወረቀት ሳሰላው ሆዴ ተላወሰ።

ከዚያ ፍለጋ ገባሁ። እማ «አፍልተህ አቀዝቅዝላቸው» አለችኝ። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፤ ከሟሟው ግን ማንቆርቆሪያው ላይ ከሚጋገረው በቀር አያወጣም። የቀረው ውሃው ሲተን እንዲያውም ይወፍራል። እንፋሎቱን ይዞ ማቀዝቀዝ ነው የሚያዋጣው፤ አረቄ እንደሚወጣው። አረቄ የምታወጣ ጎረቤታችን ሳስረዳት ወዲያው ነው የገባት። ግን ለጥቂት ሊትር ያን ሁሉ እንጨት ማንደድ አልሆነልኝም። የታሸገውንም አየሁ። ላስቲኩ ላይ የካልሲየሙና የናይትሬቱ ልክ ተጽፏል፤ የሚጠጣ ውሃ ነው፣ ባዶ ውሃ አይደለም።

የባትሪ ውሃ ጥሩ መስሎኝ ነበር። ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ነው፤ ስሙም ዲስትልድ ነው። ከአንድ ሱቅ ሁለት ጀሪካን ገዛሁ። አንዱ 3 አለ። ሌላው 41። ጀሪካኑን አሸተትኩት፤ ከዚህ በፊት ምን እንደነበረበት አይታወቅም። በዚያው መደርደሪያ አሲድም ይሸጣል። የ41ዱን መለስኩ። የ3ቱንም አልደፈርኩትም። ነፍስ ያለው ነገር ላይ በግምት አይሠራም።

ነሐሴ ላይ ዝናብ ሞከርኩ። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ ወርዶ ሰማዩ ሲቀደድ ባልዲ አይበቃም። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደውን ተውኩት። አቧራና የወፍ ኩስ አለበት፤ ቆርቆሮው ደግሞ በዚንክ የተለበጠ ነው፣ ዚንክ እንደ መዳቡ ለሽሪምፕ መርዝ ነው። ሰኞ ገበያ ሄጄ አዲስ ላስቲክ ገዛሁ። ግቢ መሃል በአራት እንጨት ወጥሬ፣ መሃሉን አጎድጉጄ፣ ሥሩ ባልዲ አደረግሁ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ደፋሁት። ቀጥሎ የወረደውን ለካሁ። 7! መለኪያዋን ጠርጌ ደግሜ ነከርኳት። 7። ሐምሌ ያበሳጨኝ ቡናማ ነገር በዝናቡ ውሃ በሦስት ሳምንት ሳሳ።

ግን ክረምት ያልፋል። መስከረም ሲጠባ ያጠራቀምኩት ተሟጠጠ። ያኔ ነው የአር.ኦ. ማጣሪያ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት። ሪቨርስ ኦስሞሲስ ማለት ነው። መጀመሪያ ደለል ማጣሪያ፣ ቀጥሎ ክሎሪን የሚይዝ ከሰል፣ ከዚያ ሜምብሬኑ፣ ውሃ አሳልፎ የሟሟውን የሚያስቀር ስስ ሽፋን፣ መጨረሻ ላይ ሬዚን፣ የተረፈውን የሚለቅም ጥቃቅን እንክብል። ሜምብሬኑ ውሃውን በግፊት አስጨንቆ ያሳልፈዋል፤ ወደ 4 ባር ይፈልጋል። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ በአንድ ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ነው የሚሰጥ። አራት ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ትንሽ ፓምፕ ጨመርኩ፤ መብራት ካልጠፋ ከጀሪካን ስቦ ይገፋል።

በመጀመሪያው ቀን ማጣሪያውን ግቢ ውስጥ አስነሳሁት። በአንዱ ቀጭን ቱቦ ንጹሁ ይንጠባጠባል። በሌላው የተረፈው ይፈሳል፤ ለ1 ሊትር 4 ሊትር ያህል። ቱቦውን ወደ ቦዩ አድርጌው ነበር። እማ ከጓዳ ወጣችና ቆማ አየችው።

«ይህ የሚፈሰው ምንድነው?»

«የማይሆነው ውሃ ነው እማ።»

«ለማን ነው የማይሆነው?»

መልስ አልነበረኝም። ገብታ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን አምጥታ ቱቦው ሥር አስቀመጠች። ምንም አልተቆጣችም። እሷ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ጀሪካን ስትሞላ ነው ያደገችው፤ እኔም ስትሞላ እያየሁ ነው ያደግሁት። ጅዳ ብዙ ዓመት ስቀመጥ ረስቼው ነበር፤ ያ ነው የከነከነኝ።

አሁን እንዲህ ሆኗል። በሳምንት 8 ሊትር ንጹህ ውሃ ይበቃኛል፤ ግማሹ የተነነውን ለመተካት፣ ግማሹ የቆየውን የገንዳ ውሃ በከፊል ለመለወጥ። ለዚያ 40 ሊትር ይገባል፤ ሁለት ባለ 20 ጀሪካን። 32ቱ ሊትር ሳፋው ውስጥ ይገባል። ያው የቧንቧ ውሃ ነው፣ ትንሽ ወፈር ያለ። እማ ልብስ ታጥብበታለች፤ ወለሉን ትወለውልበታለች። ያ ውሃ ለማጠቢያ ከእሷ ስድስት ጀሪካን ላይ ይቀነስ የነበረ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ማጣሪያውን አቆምና የዝናቡን ውሃ በሬዚኑ ብቻ አሳልፋለሁ። ሰባቷን ዜሮ ያደርጋታል፤ የሚፈስም የለውም። ሬዚኑ ሰማያዊ ነው፤ ወደ ቡናማ ሲዞር መቀየር ነው።

ትናንት ጠዋት መብራቱን አብርቼ ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ያ ተከድኖ የነበረው ኮራል ላይ 14 አበቦች ተከፍተዋል። ሰኔ ላይ ሲመጣ 9 ነበሩ። አምስቱ አዲስ ናቸው፤ ደሴ የተወለዱ። ጠርዛቸው አረንጓዴ ነው፣ መሃላቸው እንደ እርጎ ነጭ። እማም መጥታ አጎንብሳ አየቻቸው። «አባትህ የሚለው ይሄን ነው?» አለችኝ።

«አዎ እማ። ይሄን ነው።»

ቧንቧው ማጉረምረም ጀመረ። ልነሳ።