ሞዴሉ «ዜሮ» ያለ ዕለት

አንድ ደንበኛ በሃይድሮጅን ማደያ ላይ፣ ማለትም በሃይድሮጅን ጋዝ የሚሄዱ መኪኖች በሚሞሉበት ቦታ ላይ፣ ገንዘብ ሊያፈስ አስቦ ነበር። ከዚያ በፊት ገበያው በሃያ ዓመት ውስጥ የት እንደሚደርስ በኮምፒውተር ሲሙሌሽን እንድናሳየው ጠየቀን።

በዚህ ሥራ የተለመደው መንገድ ሁሉን የሚያውቅ አንድ ዕቅድ አውጪ አለ ብሎ መነሳት ነው። እሱ ማደያውን የት እና መቼ እንደሚተክል ኮምፒውተሩ አስልቶ ያወጣለታል። ውጤቱ ያምራል፤ ግን እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ ሌላ ዓይነት ሞዴል ሠራን። በእሱ ውስጥ እያንዳንዱ መኪና ገዢና እያንዳንዱ ባለሀብት በራሱ ይወስናል። ገዢው «በመንገዴ ላይ ማደያ አለ?» ይላል። ባለሀብቱ ደግሞ «ስንት መኪና አለ?» ይላል።

ሞዴሉን ራን ስናደርገው፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ስናስኬደው፣ ከመጀመሪያው ዓመት እስከ መጨረሻው አንድም ማደያ አልተሠራም። ግራፉ መሬት ላይ የተኛ መስመር ነው።

ፕሮግራመሩ ልጅ ወዲያው «ባግ አለው»፣ ማለትም የኮድ ስህተት አለበት፣ ብሎ ኮዱን መፈተሽ ጀመረ። አለቃችን ግን ቸኩለዋል። «ባለሀብቶቹን ትንሽ ደፋር አድርጋቸው» አሉት። የሚጠብቁትን ትርፍ ቀንስላቸው፣ መስመሩም ቀና ይላል ማለታቸው ነው። እውነትም ቀና ይል ነበር። በዚህ ሙያ ሞዴል የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እንደዚህ ነው፤ ማንም አልዋሸም፣ ቁጥሩ ግን ደስ እስኪል ድረስ ተነካክቷል።

ከፋይናንስ ክፍል የመጣችው ባልደረባችን ግን «ቆይ እስቲ» አለች። የአንዱን ባለሀብት የውሳኔ መዝገብ ከፍታ ጮክ ብላ አነበበችው። «መኪና የለም፤ ሽያጭ የለም፤ ልጠብቅ።» የሚቀጥለው ዓመት፣ «መኪና የለም፤ ሽያጭ የለም፤ ልጠብቅ።» ሁላችንም ሳቅን። «አለቃ፣ እርስዎ በገንዘብዎ ቢሆን ምን ያደርጉ ነበር?» አለቻቸው። መልስ አልነበራቸውም።

ነገሩ ሲታይ የሞዴሉ ባለሀብት ትክክል ነው። ለመኪና የሚሆን ሃይድሮጅን የሚሞላው በ700 ባር ግፊት ነው፤ ቶሎ እንዲሞላ ደግሞ ከዜሮ በታች ወደ 40 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። መጭመቂያው፣ ማከማቻውና ማቀዝቀዣው ገና ከጅምሩ ይገዛሉ። በቀን አንድ መኪና ቢመጣም ሃምሳ ቢመጣም የእነሱ መግዣ ወጪ ያው ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ሕግ ቢያንስ 100 የሕዝብ ማደያ እስኪቆም ድረስ በዓመት እስከ 20 ሚሊዮን ዶላር የመደበችው በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ሰው ቀድሞ ካልገባ ሁሉም እየተያየ ይቀራል።

እኛም እንዲህ ያለ የመነሻ ድጋፍ ሞዴሉ ውስጥ አስገባን። ሞዴሉ ውስጥ ዕጣ ስላለ፣ ማለትም አንዳንዱ ነገር በአጋጣሚ ስለሚወሰን፣ ደጋግመን ራን አደረግነው። አሁን ደግሞ ውጤቱ ሁለት ቦታ ተከፈለ። በአንዳንዱ ራን ማደያዎቹ ተባዙ፤ በሌላው ድጋፉ እንዳለቀ ሁሉም ተዘጉ። መሃል ላይ የቀረ አልነበረም ማለት ይቻላል።

አለቃችን ለስላይዱ አንድ ቁጥር ፈልገው አማካዩን አወጡ። ልጅቷ አሁንም አልተወቻቸውም። «ይሄ ቁጥር በየትኛው ራን ላይ ታየ?» አለች። ብንፈልግ አጣነው። አንዱ ልጅ ጠግቦ ሌላው ጦሙን ሲያድር፣ ሁለቱም ግማሽ ሆድ በልተዋል እንደማለት ነበር።

ሁለቱን ውጤቶች ምን ለያቸው ብለን ስንቆፍር የማደያና የአቅርቦት ብልሽት ጋ ደረስን። እዚህ ላይ እውነተኛው ዓለም ራሱ አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ኖርዌይ ውስጥ ሳንድቪካ ላይ አንድ የሃይድሮጅን ማደያ ፈነዳ፤ ቶዮታና ሀዩንዳይ የሃይድሮጅን መኪና ሽያጫቸውን እዚያ ለጊዜው አቆሙ። በዚያው ወር ሳንታ ክላራ ላይ በአንድ የሃይድሮጅን ማሰራጫ በደረሰ ፍንዳታ የሰሜን ካሊፎርኒያ ማደያዎች ጋዝ አጠራቸው። በእኛም ሞዴል በአንድ አቅራቢ የተንጠለጠሉ ማደያዎች አንድ ክፉ ዓመት ይበቃቸው ነበር። ገዢው አንዴ ባዶ ታንክ ይዞ ከተመለሰ ጎረቤቱም አይገዛም።

ሪፖርቱ አማካዩን አልያዘም። ሁለቱን የውጤት ክምር ጎን ለጎን አሳየን፤ ዜሮውንም የመጀመሪያው ገጽ ላይ አደረግነው። አለቃችን ደንበኛው ይቆጣል ብለው ሰግተው ነበር። እሱ ግን ትንሽ አስቦ «እንግዲያውስ ገዢው አስቀድሞ የሚታወቅበት ቦታ ልጀምር» አለና ፊቱን ወደ አውቶቡስ አዞረ። አውቶቡስ ማታ ማታ ወደዚያው ጋራዥ ይመለሳል፤ ስንት ኪሎ እንደሚፈልግም አስቀድሞ ይታወቃል።

አሁን የአውቶቡሱን ሞዴል እየሠራን ነው። ልጅቷ የኤሌክትሪክ ዋጋ ላይ ተጣብቃለች። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከውሃ ለማውጣት 50 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ስለሚበላ፣ ታሪፉ በትንሹ ሲነካ ጠቅላላው ስሌት ይገለበጣል። አለቃችንም ውጤት ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት የባለሀብቱን መዝገብ ሆኗል።