4,294,967,297ን በእርሳስ እንዴት በታተንኩት

ኮምፒውተር አንድን ትልቅ ቁጥር ወደ ፕራይም አካፋዮቹ የመበተን ሥራ ዓይን ሳይጨፈን ይጨርሰዋል፤ አውቃለሁ። እኔን የያዘኝ ግን በወረቀትና በእርሳስ ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ይቻላል፤ ለዚያውም አንድ ገጽ ሳይሞላ።

መጀመሪያ ቁጥሩ ከየት መጣ? 3ን ያዙ። 1 ቀንሱ፣ የቀረውን በራሱ አባዙት፣ 1 መልሱለት፤ 5 ይመጣል። እንዲሁ ስትቀጥሉ 17፣ 257፣ 65,537 እያለ ይሄዳል። እነዚህ ሁሉ ፕራይም ናቸው፤ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር የሚያካፍላቸው የለም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ይህን አይቶ ቀጣዮቹም ሁሉ ፕራይም ናቸው አለ። ቀጣዩ የኛው 4,294,967,297 ነው። በ1732 የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ቁጥሩ እንደሚካፈል አሳየና ነገሩ ፈረሰ።

በጉልበት ልሂድ ብትሉ ከ6,500 በላይ ፕራይሞችን መሞከር ሊጠብቃችሁ ይችላል። ማን ጊዜ አለው? እኔ በኦይለር መንገድ ሄድኩ። የዚህ ቁጥር ፕራይም አካፋይ ካለ፣ የ64 ብዜት ላይ 1 የተደመረበት መሆን አለበት። 65 በ5 ይካፈላል፣ 129 በ3፤ ውጡ። እንዲህ ሳጣራ መጀመሪያ ላይ የቀሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ብቻ ናቸው። 257 ከዚያው ቤተሰብ ስለሆነ አይሆንም፤ የዚህ ቤተሰብ አባላት አካፋይ አይጋሩም።

ትልቁን ቁጥር ግን አልነካሁትም። ቀሪ ብቻ ነው የያዝኩት። ቁጥሩ 65,536 በራሱ ተባዝቶ 1 የተደመረበት ነውና ከ65,536 ጀመርኩ። 65,536 ለ641 ሲካፈል ቀሪው 154 ነው። 154 በራሱ ሲባዛ 23,716፤ ይህም ለ641 ሲካፈል 640 ይተርፋል። 1 ጨምሩበት። 641! በቃ፣ ተካፈለ። ከአምስት አኃዝ በላይ የሆነ ቁጥር ሳልጽፍ ማለት ነው። 193፣ 449 እና 577ም በዚሁ መንገድ ወድቀዋል።

ሌላኛው አካፋይ 6,700,417 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል፤ ግን እሱስ ፕራይም ነው? እስከ ስኩዌር ሩቱ፣ ማለትም እስከ 2,588 ድረስ መፈተሽ አለበት። እዚህ ላይ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሉካስ ገላገለኝ፦ 64 የነበረውን 128 አድርጎ አጥብቆታል። ስለዚህ የሚፈተሹት 641 (ሊደገም ይችላል)፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ሆኑ። ቀሪዎቹ በቅደም ተከተል 44፣ 120፣ 334፣ 622። ዜሮ የለም፤ ፕራይም ነው።

ፕሮግራም ለምትጽፉ፦ ይህን ቁጥር ምልክት አልባ 32 ቢት ውስጥ ብትከቱት 1 ሆኖ ነው የሚወጣው። 64 ቢት ተጠቀሙ።

የቤተሰቡ ቀጣይ 18,446,744,073,709,551,617 ነው። ትንሹ አካፋዩ 274,177 ሲሆን ፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው ላንድሪ በ1880 አገኘው፤ ያኔ ዕድሜው ከሰማንያ አልፎ ነበር። በ256 እየዘለላችሁ ብትሄዱ እንኳ 1,071ኛው ላይ ነው የምታገኙት። እሱን ለኮምፒውተሩ ትቼለታለሁ።