አስፋልት ላይ ያልጨረስነው ጉዳይ

ባለፈው ግንቦት አጋማሽ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስወርድ ማራኪ አካባቢ ከፊቴ ትሄድ የነበረችን አንዲት አሮጌ ኮሮላ ከኋላዋ ገጨሁ። ከጎኔ ታናሽ እህቴ ተቀምጣ ነበር፤ በኮሮላዋ ውስጥ ደግሞ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ አንድ አባት ብቻቸውን ነበሩ። ማንም አልደማም፣ መኪኖቹም ቆመው አልቀሩም። ይሁን እንጂ ያ ቀላል ግጭት እስኪዘጋ ድረስ ሦስት ሳምንት ወስዶብናል። በእነዚያ ሳምንታት ያየሁትንና የተማርኩትን እዚህ የምጽፈው፣ እንዲህ ያለውን ጉዳይ እዚያው አስፋልት ላይ በአምስት ደቂቃ ጨርሶ መለያየት የተለመደ ስለሆነና እኔም ይህንኑ ለማድረግ አንድ ቃል ብቻ ቀርቶኝ ስለነበር ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከሁለት ሳምንት ደረቅ ፀሐይ በኋላ ዝናቡ ገና መውረድ መጀመሩ ነበር፤ አስፋልት እጅግ የሚያንሸራትተውም እንዲህ ባለው ሰዓት ነው፤ ምክንያቱም በደረቁ ወቅት የተጠራቀመው አቧራና ከመኪና የሚንጠባጠበው ዘይት ከጥቂት ውኃ ጋር ተለውሶ ቅባት ይሆናል፤ ዝናቡ ጠንክሮ እስኪያጥበው ድረስም እዚያው ይቆያል። አንድ ባጃጅ ተሳፋሪ ለመጫን ድንገት ወደ ዳር ታጥፎ ቆመ፣ ኮሮላዋ ፍሬን ያዘች፣ እኔም ፍሬን ረገጥኩ፤ ጎማዎቹ ግን ቆመው መኪናዋ ተንሸራተተች። ፍጥነቴ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ማታ ቤት ገብቼ ሳሰላው ግን በዚህ ፍጥነት መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከ8 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ እግሬ ከነዳጁ ተነስቶ ፍሬኑን እስኪያገኝ የሚያልፈው ደግሞ ይኸው አንድ ሰከንድ ያህል ነው። በእኔና በኮሮላዋ መካከል የነበረው ርቀት ከሁለት ቪትዝ ርዝመት አይበልጥም ነበር፤ ሰባት ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በደረቅ መንገድ እንኳ አይበቃም ነበር።

ድምፁ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብርቼ፣ እህቴን ደህና መሆኗን ጠይቄ ወረድኩ። ሽማግሌው በራቸውን ከፍተው አንድ እግራቸውን ብቻ አውጥተው ተቀምጠዋል። «አባባ፣ ተጎዱብኝ? ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። እርሳቸውም ቀና ብለው አዩኝና «አይዞሽ ልጄ፣ ብረት ነው፣ ይጠገናል። እንኳን በሰው አልሆነ» አሉኝ። እጃቸው መሪው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን እጅ ባላየው ኖሮ ምናልባት ቃላቸውን እንዳለ ተቀብዬ ነገሩን አቅልዬው እሄድ ነበር።

ወዲያው ሰው ተሰበሰበ። በጎንደር መንገድ ላይ ሁለት መኪና ሲነካካ መንገደኛው ሁሉ ሽማግሌና ገላጋይ ይሆናል፤ ይህን በክፉ አልናገረውም፤ ብዙ ጠብ የሚበርደው በእነርሱ ነውና። አንድ ወጣት የኮሮላዋን የኋላ ፓራውልት በመዳፉ ዳበስ አደረገና «ትንሽ ጭረት ናት፤ አራት ሺህ ብር ስጪያቸውና ተለያዩ» አለኝ። ሌሎችም ደገፉት። ሽማግሌው ለቅሶ ለመድረስ የቸኮሉ ስለነበሩ ለመስማማት ዝግጁ ነበሩ። እኔም ቦርሳዬን ከፍቼ ነበር። ያስቆመችኝ እህቴ ናት፤ «ውስጡን ማን አየው?» አለች።

እውነትም ማንም አላየውም ነበር። ከውጭ የሚታየው የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው ጭረትና በቀኝ በኩል የተሰነጠቀ የኋላ መብራት ብቻ ነበር። ስለዚህ ገንዘቡን ትተን ማስረጃ መሰብሰብ ጀመርን። መኪኖቹ ከቦታቸው ሳይንቀሳቀሱ ከሩቅ ዙሪያውን ከሚያሳይ ቦታ፣ ከዚያም በቅርብ ሁለቱን ታርጋዎች፣ በእርጥቡ አስፋልት ላይ የቀረውን የጎማዬን መስመር፣ የተነካካውን ቦታ ከግራም ከቀኝም በስልክ ፎቶ አነሳን። መንጃ ፈቃድና ሊብሬ ተያየን፣ በፊት መስታወቶቻችን ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ምልክትም አነሳን፣ ስልክ ቁጥር ተለዋወጥን። የባጃጁ ሹፌር ሄዶ ነበር፤ ከተሰበሰቡት መካከል ግን ግጭቱን ከመጀመሪያው ያየ አንድ ባለሱቅ ስልክ ቁጥሩን ሊሰጠን ፈቃደኛ ሆነ። ከዚያ ትራፊክ ደወልንና ጠበቅን።

የትራፊክ ፖሊሱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጣ፣ ፕላን አነሳ። በሜትር ከመንገዱ ዳር እስከ ጎማዎቹ ለካ፣ መኪኖቹ የቆሙበትን አቅጣጫ በወረቀት ላይ ነደፈ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር አደረገ፤ ከኮሮላዋ ኋላ ቆሞ ሽማግሌውን «አባቴ፣ ፍሬን ይርገጡልኝ» አላቸው። ከተሰነጠቀው መብራት ጭምር ሁለቱም ቀይ በሩ። ይህ ለምን እንዳስፈለገ የገባኝ በኋላ ነው። ሕዝቡ «ከኋላ የገጨ ጥፋተኛ ነው» ብሎ በአንድ ቃል ይፈርዳል፤ ፍርዱም አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ሆኖም ከፊት ያለው መኪና የፍሬን መብራቱ የማይሠራ ወይም ወደ ኋላ ይመለስ የነበረ ከሆነ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ በአንቀጽ 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ መነሻው ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ መቁጠር ነው ይላል፤ ይህ ግምት የሚቀረው ጥፋቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንደኛው አሽከርካሪ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። እንግዲህ ያ ፕላን ባይነሳና ነገሩ በኋላ ወደ ክርክር ቢያመራ ኖሮ፣ ምንም ያላጠፉት ሽማግሌ የጉዳቱን ግማሽ ሊሸከሙ ይችሉ ነበር። ፕላን የሚጠራው ለጠብ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ቢያውቅ እወዳለሁ፤ የእኛ ፕላን የጠቀመው ያልተጣላኋቸውን ሰው ነው።

ከዚያው ከመንገድ ዳር ሆኜ ወደ ኢንሹራንስ ድርጅቴ ደወልኩ። ያለኝ የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው፤ ይህም እኔ በሌላው ላይ ያደረስኩትን ጉዳት እንጂ የራሴን የተሰበረ የፊት መብራትና የተነሳ ኮፈን አይሸፍንም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ይህን ኢንሹራንስ በማንኛውም ተሽከርካሪ ላይ ግዴታ አድርጎታል፤ አዋጁ ሲወጣ የንብረት ጉዳት ካሳ ጣሪያው 100,000 ብር ነበር። ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ ታርጋውን፣ ቦታውን፣ የተጎዳ ሰው መኖሩንና ትራፊክ መምጣቱን ከጠየቀችኝ በኋላ፣ ድርጅቱ ሳያውቅ ካሳ ለመክፈል እንዳልፈርም አሳሰበችኝ። ውሉን ማታ አውጥቼ ሳነበው እውነትም ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ጥፋተኝነትን ማመንና ለመክፈል መስማማት እንደማይገባ የሚል አንቀጽ አለበት። ይህ ለጥቂት ጊዜ ከባድ ሐሳብ ውስጥ ከቶኝ ነበር። ፊት ለፊት የቆሙትን ሽማግሌ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ማለቴን አልጸጸትበትም፤ ሰው ሰውን ገጭቶ ሌላ ምን ይላል? ነገር ግን ይቅርታ መጠየቅና የገንዘብ መጠን ጠርቶ መፈራረም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያን ቀን ለይቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ኮሮላዋን ሽማግሌው ወደሚያውቁት ጋራዥ ወሰድናት። የመኪና አካል የሚያቀናው ባትላሜራው ፓራውልቱን የያዙትን ብሎኖች ፈትቶ ሲያወርደው እኛ ሦስታችንም ጎንበስ ብለን እናይ ነበር። ከውጭ ያየነው ፕላስቲክ ሲገፋ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ሲለቀቅ ወደ ቅርጹ የሚመለስ ሽፋን ብቻ ነው፤ ግጭቱን የሚሸከመው ከእርሱ ጀርባ ያለው ብረት ነው። ያ ብረት መሃሉ ላይ እንደ ቀስት ጎብጧል። ስኮርት ጎማው የሚቀመጥበት ወለል ደግሞ በቀኝ በኩል እንደ ተጨማደደ ወረቀት ታጥፏል፤ በእጥፋቱ ላይ ቀለሙ ረግፎ ባዶ ብረት ይታያል። ባትላሜራው ጣቱን በዚያ ላይ እያስኬደ «ይህ እንዲህ ክረምቱን ቢገባ ውኃ እየጠጣ ዝጎ ይበሰብስ ነበር» አለ። የኋላ ኮፈኑም ሲዘጋ በአንድ በኩል ከፍ ብሎ እንደሚቀር ያኔ ነው ያስተዋልነው።

ለማቅናቱ፣ ለባትላሜራው፣ ለስቱኮና ለቀለም፣ ለመብራቱም ጭምር የተጠየቀው 13,500 ብር ሆነ። አስፋልቱ ላይ አራት ሺህ ብር ሰጥቼ ብንለያይ ኖሮ ቀሪውን ከጡረታቸው የሚከፍሉት እርሳቸው ነበሩ፤ እኔም ጉዳዩን በሰላም እንደ ጨረስኩ አምኜ እኖር ነበር። እስከ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ያ ወጣት ክፉ አስቦ አልነበረም፣ እኔም ላታልላቸው አልፈለግሁም፣ እርሳቸውም ተስማምተው ነበር፤ ግን ሁላችንም የተስማማነው ባላየነው ነገር ላይ ነበር።

ጠዋት ስንገናኝ ሌላም ነገር ነበር። ሽማግሌው ሰላም ሲሉኝ አንገታቸውን ሳይሆን ትከሻቸውን ነው ያዞሩት። ሌሊቱን አንገታቸው ደርቆ እንዳደረ፣ ከባድ ነገር ስላልመሰላቸው ግን ሊነግሩኝ እንዳላሰቡ በግድ ነገሩኝ። ከኋላ የተገጨ ሰው አካሉ ከወንበሩ ጋር ወደ ፊት ሲገፋ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይቀርና ተመልሶ ወደ ፊት ይወረወራል፤ በዚህ መካከል የአንገት ጡንቻዎችና ጅማቶች ይለጠጣሉ፤ ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ ወዲያው ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ ነው የሚመጣው። ከጋራዡ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ በጣቶቹ አጥንቱን እየነካካ መረመራቸው፣ እጃቸው መደንዘዙንና አለመደንዘዙን ጠየቃቸው፣ ራጅ ተነሱ፤ አጥንቱ ደህና ነበር። ማስታገሻ ታዘዘላቸው፣ አንገታቸውንም አስረው እንዳያቆሙት፣ ይልቁንም በቀስታ እንዲያንቀሳቅሱት ተነገራቸው። ሐኪሙ በመጨረሻ የመኪናቸው የራስ መደገፊያ የት ድረስ እንደሚደርስ ጠየቃቸው። ዝቅ ብሎ ከማጅራታቸው ሥር ነበር የሚቀረው፤ ጫፉ ከጭንቅላት አናት ጋር እኩል መሆን እንደሚገባው ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ስምምነቱን በወረቀት ጻፍነው። ለኢንሹራንስ ድርጅቴ የትራፊኩን ማስረጃ ይዤ ሄጄ ጉዳዩን በጽሑፍ አሳወቅሁ፤ የጥገናውን ወጪ በራሴ ለመክፈል መወሰኔንም ገለጽኩና እንደሚስማሙ አረጋገጥኩ። የእርሳቸው የአንገት ጉዳይ እየከፋ ቢሄድ ግን በሩ ክፍት መሆን ነበረበት፤ ለድርጅቱ በጊዜ ማሳወቁ ያስፈለገውም በዋናነት ለዚህ ነው። በወረቀቱ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን፣ የሁለቱን መኪኖች ታርጋ፣ የሁለታችንን ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ ማን ማንን እንደገጨ፣ ባትላሜራው በዝርዝር የጻፈውን ጉዳት፣ ገንዘቡንና አከፋፈሉን አሰፈርን። ግማሹ በዕለቱ፣ ግማሹ መኪናው ተሠርቶ ሲታይ እንዲከፈል ተስማማን። እህቴ ረቂቁን ስታነብ «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ አይነሳም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አስጠፋችውና በምትኩ «ይህ ስምምነት የመኪናውን ጥገና ብቻ የሚመለከት ነው» ብላ ጻፈች። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው መስመር በመስመር አነበቡት፤ እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ፣ ምንም አላሉም፣ ፈረሙ። ባለሱቁና አንድ ጎረቤታቸው ምስክር ሆነው ፈረሙ፣ አንድ አንድ ቅጂ ያዝን።

ሁለተኛውን ክፍያ ይዤ ቤታቸው ስሄድ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነበርን። ባለቤታቸው ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ሽማግሌው ገንዘቡን ተቀብለው ቅጂያቸው ላይ «ተከፍሏል» ብለው ጽፈው ከፈረሙ በኋላ ወደ ግቢው ይዘውኝ ወጡ። አዲሱ ቀለም ከአሮጌው በትንሹ ደመቅ ይላል፤ የኋላ ኮፈኑ ግን በአንድ እጅ ሲገፉት እኩል ገጠመ። የሾፌሩን በር ከፈቱና የራስ መደገፊያውን አሳዩኝ፤ እስከ ላይ ከፍ አድርገውታል። ገብተው ተቀመጡና ጭንቅላታቸውን አስደግፈው፣ አንገታቸውን ቀስ ብለው ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ አዞሩልኝ።