የክቡ ሁለት ጎኖች በአንድ መስኮት

ሰሞኑን እጄ ከገባው አሮጌ የቪልድ ቲ2 ቴዎዶላይት (የቀያሾች የማዕዘን መለኪያ) ጋር እያመሸሁ ነው። ቀያሾች ለአሥርተ ዓመታት የተማመኑበት መሣሪያ ስለሆነ ጥራቱ ብዙ ተወርቶለታል፤ እኔን የያዘኝ ግን ጥራቱ የተገኘበት መንገድ ነው።

አግድም ማዕዘን የሚነበብበት የመስታወት ክብ ሰሌዳ ስፋቱ 90 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ክብ ጠርዝ ላይ አንድ የማዕዘን ሰከንድ፣ ማለትም የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል፣ የሚይዘው ቦታ 0.0002 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የክቡ መሐል ከመዞሪያው ዘንግ በ0.001 ሚሊ ሜትር ቢርቅ እንኳ ንባቡ ከ4 ሰከንድ በላይ ሊዛባ ይችላል። መፍትሔው ክቡን በተቃራኒ ሁለት ጎኖች ማንበብ ነው፤ አንደኛው ጎን በጨመረበት መጠን ሌላው ስለሚቀንስ፣ አማካዩ ከዚህ ስሕተት ነፃ ይሆናል።

ይህ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። በባለ ቬርኒየር መሣሪያዎች (ከዋናው ሰሌዳ ጎን በሚንሸራተት ረዳት ሰሌዳ በሚነበቡት) ግን ቀያሹ አንዱን ጎን በማጉያ ያነብና፣ ዞሮ ሌላውን አንብቦ አማካዩን በወረቀት ያሰላል፤ በለስላሳ መሬት ላይ ደግሞ ያ መዞር ራሱ የመሣሪያውን ውሃ ልክ ያናጋል። ቀድሞ በጄና ከተማ በካርል ዛይስ ኩባንያ የሠራው ስዊዘርላንዳዊው ሃይንሪሽ ቪልድ፣ እ.ኤ.አ. በ1921 ከአጋሮቹ ጋር በሄርብሩግ ባቋቋመው ድርጅት በሠራው በዚህ መሣሪያ፣ የሁለቱን ጎኖች ምስል በፕሪዝሞች አማካይነት ከቴሌስኮፑ አጠገብ ወዳለች አንዲት የንባብ መነጽር አመጣቸው። አንደኛው ምስል ቀጥ ብሎ፣ ሌላው ተገልብጦ ይታያል። የማይክሮሜትሩ፣ ማለትም የጥቃቅን ልዩነት መለኪያው፣ ቁልፍ ሲዞር ምስሎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ይንሸራተታሉ፤ መስመሮቹ በገጠሙበት ቅጽበት አማካዩ ያለ ስሌት ተገኝቷል። የክቡ ክፍፍል በየ20 የማዕዘን ደቂቃው (አንድ ደቂቃ የዲግሪ 60ኛ ክፍል ነው) ሆኖ ሳለ፣ በቀጥታው ቁጥርና 180 ዲግሪ በሚርቀው በተገለበጠው ቁጥር መካከል ያለው እያንዳንዱ ክፍተት 10 ደቂቃ ተብሎ የሚቆጠረውም ስለዚሁ ነው። ቀሪው እስከ 1 ሰከንድ ድረስ ከማይክሮሜትሩ ሰሌዳ ይነበባል። የሰው ዓይን የአንድን ክፍተት ሲሶ ወይም ሩብ ከመገመት ይልቅ ሁለት መስመሮች መግጠማቸውን በመለየት እጅግ የተካነ መሆኑን ንድፉ በብልሃት ተጠቅሞበታል።

እርግጥ ሁሉም ስሕተት በዚህ አይጠፋም። በክቡ ላይ የተቀረጹት መስመሮች ራሳቸው ያልተስተካከሉ ከሆነ ያ ስሕተት ባለበት ይቀራል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ቀያሽ በየዙሩ ክቡን ለብቻው በሚያዞረው፣ ክዳን ባለው ቁልፍ እያንቀሳቀሰ በተለያየ የክቡ ክፍል ላይ ደጋግሞ ይለካል። የቴሌስኮፑን የአቅጣጫ ዝንፈት የሚያስወግደውም ቴሌስኮፑን ገልብጦ ያንኑ ምልክት ዳግም ማነጣጠር ነው።

ለዚህ ሁሉ የተከፈለው ዋጋ የጥገናው ክብደት ይመስለኛል። የቬርኒየር ሰሌዳ ሲቆሽሽ በሜዳ ላይ በብሩሽ ይጠረጋል፤ የእኔ ቲ2 የንባብ መስኮት ግን በአንድ በኩል ደብዝዟል፣ ፕሪዝሞቹም አንዴ ከቦታቸው ከተነሡ መልሶ ለማስተካከል ለዚሁ የተዘጋጀ ወርክሾፕ ይጠይቃሉ። የብርሃን መስተዋቱን በደንብ ካዞርኩት መስመሮቹ እስከተለዩኝ ድረስ ሳልፈታው እጠቀምበታለሁ።