ሦስት ብርጭቆ ሻይ ጠጥቼ የገዛሁት ስጋጃ

ኢስታንቡል የምሄደው ለዕቃ ነው። ላሌሊ የሚባለው የልብስ ነጋዴዎች ሰፈር ገብቼ ልብስ እመርጣለሁ፣ ለካርጎ አስረክባለሁ፣ እመለሳለሁ። ባለፈው ግን አንድ ቀን ተረፈኝና ዛሬስ ያን በጥንት ቤተ ክርስቲያን፣ ኋላ መስጊድ፣ ከዚያም ሙዚየም የነበረውን አያ ሶፊያን ሳላይ አልሄድም አልኩ። ከላሌሊ በትራም ሱልጣን አህመድ መውረድ ነው። እስከዚህ ቀላል ነው።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ቦታው በፈረንጆቹ ከ2020 ወዲህ እንደገና መስጊድ ስለሆነ ዓርብ እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል (በእኛ አቆጣጠር) ጎብኚ አይገባም። እኔ ስድስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። አልጠየቅኩማ!

ግራ ገብቶኝ ስቆም አንድ ጸዳ ያለ ልጅ መጣና "አቢ፣ እስኪከፈት ሻይ እንጠጣ" አለኝ። አቢ እንደኛ ጋሼ ነው። ጋሼ ተብሎ እምቢ የሚል አለ? የወሰደኝ አጎቱ ስጋጃ ቤት ነው። ሻዩ ወገቧ ቀጠን ባለች፣ እጀታ በሌላት ብርጭቆ መጣ። ጣት ስለሚያቃጥል ከንፈሯ ላይ ነው የሚያዘው። ስጨርስ ተሞላልኝ። እኔ ሞኙ አቦል፣ ቶና፣ በረካ መስሎኝ ሦስተኛውን ሳልጠጣ መነሳት ነውር ነው ብዬ ቁጭ አልኩ። በዚህ መሃል ስጋጃ በስጋጃ ላይ ይዘረጋል፣ ወለሉ ሞላ፣ ሁለት ልጆች ሲያነሱ ሲጥሉ ላባቸው ጠብ ይላል፣ እነሱ ባላባቸው ቁጥር እኔ እሳቀቃለሁ። መርካቶ ያደግኩ ነጋዴ፣ ደንበኛን በዚሁ ዘዴ የማጠምድ ሰውዬ፣ ይሉኝታ ያዘኝ። 400 ዩሮ ያለውን በ180 ገዛሁ። እስከ ዛሬ ያበግነኛል፣ በራሴ ነው የምበግነው።

ኋላ ለላሌሊ ደንበኛዬ ስነግረው ሳቀብኝ። ሻይ በቃኝ ለማለት ማንኪያዋን ብርጭቆዋ አፍ ላይ ማጋደም ነው፣ አለቀ። ሻዩም ዕዳ የለበትም። አመስግነህ ብትወጣ የሚቀየም የለም።

አያ ሶፊያ በመጨረሻ ገባሁ። መግቢያው 25 ዩሮ ነው፣ በፈረንጆቹ ከ2024 ጀምሮ የውጭ ጎብኚ የሚወጣው ፎቁ ላይ ብቻ ነው፣ ምድሩ ለሰጋጆች ነው። ጉልላቱ 31 ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ግርጌውን የከበቡት 40 መስኮቶች ብርሃን ሲያስገቡ ያ ሁሉ ድንጋይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ሕንፃውን በፈረንጆቹ በ537 ያስጨረሰው የሮም (ቢዛንታይን) ንጉሥ ዮስጢንያኖስ ለአፄ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ ሐር ከህንድ እየገዛችሁ ሽጡልን ብሎ ነበር፣ ፋርሶች ቀድመው እየገዙ አላሳኩትም እንጂ። ያኔ እኛ ጨርቅ እንድንሸጥላቸው ተለመንን፣ ዛሬ እኔ ሻንጣ ይዤ ላሌሊ።

አስጎብኚዎች አያ ሶፊያን አስቀድሙ ይላሉ። እኔ ኪሱ የሳሳ ሰው ሱለይማኒዬ መስጊድ ይሂድ እላለሁ። የኦቶማኖቹ አርክቴክት ሚማር ሲናን በፈረንጆቹ በ1557 የጨረሰው ነው፣ ለላሌሊ ቅርብ ነው፣ በነፃ ገብተህ ጉልላቱን ከምድር ሆነህ ታያለህ። ጫማ ስለሚወለቅ ካልሲህን ብቻ ቀድመህ ፈትሽ፣ የኔ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበር።

ስጋጃው አሁን ሳሎን ተነጥፏል፣ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል። ኤርፖርት ለትርፍ ኪሎ የከፈልኩትን ግን ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኳትም።