ሁሉም ስለ ምግቡ ይጠይቀኛል፤ እኔን የፈተነኝ ግን ውሃው ነው

ባለፈው ሳምንት የደም ምርመራ ውጤቴ መጣ። ብረቱ፣ ቢ12ቱ፣ ቫይታሚን ዲው፣ ኩላሊቱ፣ ሁሉም በቦታው ነው። የክብደት መቀነሻ ኦፕራሲዮን ካደረግሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስከ ዛሬ ሚዛን ላይ ካየሁት ቁጥር ሁሉ ይልቅ ይህ ወረቀት አስደሰተኝ። ሚዛኑ በመጀመሪያው ዓመት ብዙም ሳያስለምን ይወርዳል። ይህንን ውጤት ግን ያመጣሁት በየቀኑ እየተነታረክሁ ነው። ከራሴ ጋር፣ ከክኒኖቼ ጋር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከውሃ ጋር። ደስታው ሳይበርድ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያውን በሩጫ ልለፈው። እኔ የተሠራሁት ስሊቭ የሚባለውን ነው። ጨጓራ በቁመቱ ተቆርጦ ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ይወጣል፤ የሚቀረው ቀጭን ቱቦ ነው። የሚወጣው ክፍል ግሬሊን የተባለውን የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው ነው። ለዚህ ነው በመጀመሪያዎቹ ወራት የምግብ ሰዓት ሳይታወቀኝ ያልፍ የነበረው። ባይፓስ የተሠራችሁ ደግሞ ጨጓራችሁ ትንሽ ከረጢት ሆኖ፣ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ዘሎ ከታችኛው ጋር ተያይዟል። ለእናንተ የሚለየውን ቦታው ሲደርስ እጠቅሳለሁ።

ስለ ቁስሉ ብዙ የምለው የለኝም። ቀዳዳዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ቶሎ ይድናሉ። ያስደነገጠኝ ትከሻዬ ነበር። ሆዴን ተሠርቼ ትከሻዬን ለምን ያመኛል ብዬ ነርሷን ጠየቅኋት። ሐኪሞቹ በደንብ እንዲታያቸው ሆድ ውስጥ የሚነፉት ጋዝ ነው አለችኝ፤ ዲያፍራምን፣ ደረትና ሆድን የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ሲነካካ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። መፍትሔው መራመድ ነው። መራመድ የደም መርጋትንም ስለሚከላከል ተነሡ ሲሏችሁ አትለግሙ። ከዚያ ፈሳሽ፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ፣ ሁለት ወር ገደማ ሲሆን የተለመደው ምግብ። በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ሚዛኑ ቀጥ ቢል አትደንግጡ፤ ብዙዎቻችን ላይ ይቆማል። መጀመሪያ ከሚወርደው ብዙው በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ከተከማቸ ስኳር ጋር የሚኖር ውሃ ነው።

አሁን ወደ ውሃው።

ድሮ ውሃ የምጠጣው ግጥም አድርጌ ነበር። ሲጠማኝ ብርጭቆውን አነሣለሁ፣ ጨልጬ አስቀምጣለሁ፣ አለቀ። አሁን አንድ ሙሉ ጉንጭ ከዋጥኩ ደረቴ መሐል ቀጥ ይላል። ያስጨንቀኛል፣ ያገሳኛል፣ አንዳንዴም ወደመጣበት ይመለሳል። የሚያዋጣው ፉት ማለት ብቻ ነው። ለጥም ደግሞ ፉት ማለት አንጀት አያርስም። ይህንን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለ ምግቡ ሁሉም ይነግራችኋል፤ ውሃን ግን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

የተሰጠኝ ግብ በቀን ቢያንስ 1.5 ሊትር ነው። ሲሰሙት ምንም አይመስልም። ሒሳቡን ላሳያችሁ። 16 ሰዓት ነቅቼ እውላለሁ። ሦስት ምግብና ሁለት መክሰስ አለኝ። እያንዳንዱ ቀስ ብሎ ሲታኘክ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። እየበሉ መጠጣት ክልክል ነው፤ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አለ። በዚህ ብቻ አምስት ሰዓት ሄደ። የቀረኝ 11 ሰዓት ነው። 1.5 ሊትሩን ለ11 ሰዓት ስታካፍሉት በየሩብ ሰዓቱ ከ30 ሚሊ ሊትር ትንሽ በለጥ ያለ ይደርሳል። ያለማቋረጥ። ስብሰባ ላይም፣ መንገድ ላይም፣ ጭራሽ ሳያምረኝም። አንድ ሰዓት ከተዘናጋሁ ዕዳው ይጠራቀማል፤ እንደ ድሮው በአንድ ትንፋሽ ከፍሎ መገላገል የለም።

ከምግብ ጋር ለምን አይጠጣም ብላችሁ የምትበሳጩ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ውሃው ፕሮቲኑ የሚያርፍበትን ይሻማል። በዚያ ላይ ምግቡን አጥቦ ወደ ታች ስለሚያወርደው ጥጋቡ ቶሎ ይጠፋል። ባይፓስ ለተሠራችሁ ደግሞ ዳምፒንግ የሚባለውን ጣጣ ሊያባብስ ይችላል። ምግብ፣ በተለይ ጣፋጭ ነገር፣ ወደ አንጀት በጥድፊያ ሲገባ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሆድ ይቆርጣል። ስለዚህ በዚህ ሕግ ላይ ድርድር የለኝም። ከምግብ በፊት ስላለው ጥበቃ ግን የየሐኪሙ ምክር ይለያያል። እኔ ምግብ እስኪቀርብ ፉት እላለሁ፣ ምንም ሆኜ አላውቅም።

ሌላም ነገር አለ። ከውሃችን አንድ አምስተኛ ያህሉ ድሮም የሚመጣው ከምግብ ነበር። አሁን የምንበላው የጭልፋ ጫፍ ሲሆን እሱም አብሮ ይቀንሳል። ውሃ ማነሱ የሚታወቀው ደግሞ በጥም ብቻ አይደለም። ሽንት ይጠቁራል፣ ብድግ ሲሉ ዓይን ጭልም ይላል፣ ራስ ይከብዳል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ያቅለሸልሻል። ክፉው የመጨረሻው ነው። ሲያቅለሸልሽ ውሃ ያስጠላል፤ ውሃ ሲቀር ማቅለሽለሹ ይብሳል። ከዚህ አዙሪት በራሳችሁ መውጣት ካቃታችሁ ነገ ይሻለኛል ብላችሁ አትተኙ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሰው ተመልሶ ሆስፒታል ከሚገባባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

እኔም አንዴ ገብቻለሁ። ግሉኮስ ተሰቀለልኝ። እዚያ የሰማሁትን በሁሉም ሰው ጆሮ ባስገባው ደስ ይለኛል። ሰውነታችን የሚያስቀምጠው ቫይታሚን ቢ1፣ ታያሚን የሚባለው፣ ከጥቂት ሳምንት አይዘልም። ለቀናት ያስመለሰው ሰው ቶሎ ያልቅበታል። በዚያ ላይ ግሉኮስ ብቻውን ከተሰጠ የቀረችውን አሟጥጦ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ መጀመሪያ የሚወጣችሁ ቃል «የጨጓራ ኦፕራሲዮን ተደርጎልኛል፣ ሲያስመልሰኝ ነበር» ይሁን። ታያሚን ይቅደምልኝ ማለትም ነውር የለውም። የሚያክመን ሰው ሁሉ ኦፕራሲዮናችንን ከፊታችን ሊያነብ አይችልም።

አሁን መሣሪያዬን ላስተዋውቅ። ባለ ሁለት ሊትሩን፣ በየመስመሩ «በርቺ» የሚል የተጻፈበትን ጠርሙስ እጠላዋለሁ። ጠዋት ሞልቶ ያፈጥባችኋል፤ ማታም ግማሹን ይዞ ያፈጥባችኋል። ስልክ ላይ የሚጮኸውንም አስታዋሽ ሞክሬዋለሁ፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ጆሮዬ ለመደው፣ ዝም ማሰኘት ብቻ ሆነ ሥራዬ። የሠራልኝ 250 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ትንሽ ጠርሙስና ስድስት የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ ነው። ጠዋት ስድስቱም ላስቲክ ግራ እጄ ላይ ነው። ጠርሙሷ ባዶ በሆነች ቁጥር አንዱን አውልቄ አንገቷ ላይ አስገባለሁ። ስድስቱ ሲያልቁ 1.5 ሊትር ሞላ። እጄ ላይ ስንት እንደቀረ ሳላስበው አየዋለሁ። እህቴ የእብድ አምባር ትለዋለች። ትበል። ጠርሙሷ ትንሽ በመሆኗ ደግሞ በየጊዜው የመጨረስ ደስታ አለ፤ እሱን የሚያህል ነገር አላገኘሁም።

ስለ ሙቀቱ ሁሉም የራሱን ይሞክር። የመጀመሪያዎቹ ወራት ቀዝቃዛ ውሃ ድንጋይ ሆኖብኝ ለብ ያለ ብቻ ነበር የሚወርድልኝ። አሁን ተገላብጦ በረዶ ያለበትን እመርጣለሁ። ባዶ ውሃ ሲሰለቸኝ ሎሚ ጣል አደርግበታለሁ፣ ያልጣፈጠ የዕፅዋት ሻይ እጠጣለሁ። ቀጭን መረቅም ይቆጠራል። ጋዝ ያለበትን ግን እርሱት፤ ሆድ ይነፋል፣ ያማል። ጁስ ደግሞ ሌባ ነው። ስኳሩ ሳያጠግብ ሹልክ ብሎ ያልፋል፣ ክብደቱ የሚመለሰው በዚያ በር ነው። ስለ ስትሮው ሐኪሞቹ ራሳቸው አይስማሙም። አየር ያስውጣል ብለው የሚከለክሉ አሉ። እኔ በእሱ ቀስ ብዬ ስለምጠጣ አልተውኩትም።

ክኒኖቹ ይህንን ሁሉ ያወሳስቡታል። ካልሲየም በአንድ ጊዜ ከ500 እስከ 600 ሚሊ ግራም በላይ በደንብ ስለማይገባ በቀን ተከፋፍሎ ይወሰዳል። ከብረት ጋር ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሰዓት መራራቅ አለበት። ብረቱ ከሻይና ከቡና ጋር አይስማማም። ዓይነቱም ለውጥ አለው። ካልሲየም ካርቦኔት የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል፣ የእኛ አሲድ ደግሞ ቀንሷል፤ ስለዚህ ካልሲየም ሲትሬት የሚለውን ፈልጉ። ይህንን ሁሉ ጠንቅቄ እያወቅሁ የማታውን ካልሲየም ብዙ ጊዜ እዘለዋለሁ። ደክሞኛል፣ ላስቲኮቹ አልቀዋል፣ ሌላ ፉት ማለት አልፈልግም። የደሙ ካልሲየም ደህና መሆኑም አያጽናናኝም። ሰውነት ሲያጥረው ከአጥንት እየነቀለ ደሙን ስለሚሞላ ወረቀቱ ላይ አይታይም። ስለዚህ ካልሲየምን የሚቆጣጠረው ፓራታይሮይድ ሆርሞንም ይለካ በሉ። እኔም ለሚቀጥለው ጠይቄያለሁ።

ፀጉር የሚጠይቁኝ አሉ። አዎ ይረግፋል። ሦስተኛው ወር ገደማ ይጀምርና ጥቂት ወራት ይቆያል። ሰውነት ትልቅ ድንጋጤ ሲደርስበት የሚያደርገው ነው፤ ሥሩ ስላልሞተ ይመለሳል። የኔ ግንባሬ ላይ አዲስ እንደ ጃርት ቆሟል። ለፀጉር ተብሎ በሚሸጠው ቫይታሚን፣ ባዮቲን፣ ላይ የምታፈሱትን ገንዘብ ለእንቁላልና ለዓሣ አውሉት። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ሳይሞላ ምንም ሻምፑ አያድናችሁም።

«አቋራጭ ነው የመረጥሽው» የሚሉኝ ሰዎች ድሮ ያናድዱኝ ነበር። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 ተጀምሮ ለብዙ ዓመታት ሰዎችን የተከታተለ ጥናት አለ። የተሠሩት ካልተሠሩት ያነሰ ሞት እንደታየባቸው አሳይቷል። ይህንን እየጠቀስኩ እከራከር ነበር። አሁን ጠርሙሴን አሳያቸውና ለአንድ ቀን ብቻ በየሩብ ሰዓቱ ፉት በሉ እላቸዋለሁ። እስካሁን የሞከረ የለም።

ያልፈታሁት አንድ ነገር ጉዞ ነው። ረጅም መንገድ ስሄድ ሽንት ቤት ፍለጋ እንዳያስቸግረኝ ሆን ብዬ እቀንሳለሁ፣ ማታ ራሴን ይመታኛል፣ በማግስቱም ሁለት ላስቲክ ተጨማሪ እጄ ላይ አስራለሁ። ያ እንደማይሠራ አውቀዋለሁ፤ የትናንቱ ውሃ ዛሬ አይጠጣም። የተሻለ ዘዴ ያላችሁ፣ በተለይ ሥራችሁ መኪና ላይ የሚያውላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። በሚቀጥለው ወር የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ አለብኝ።