ቆራሌው ያልፈለጋቸው ፍሎፒዎች

ፍሎፒ፣ ያቺን የድሮ ኮምፒውተር ፋይል ማስቀመጫ ዲስክ፣ እንደምሰበስብ የሰማ ሁሉ «ለምኑ?» ይለኛል። አንዷ የምትይዘው 1.44 ሜጋባይት ነው፤ ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ እንኳ አይገባባትም። ሶኒም እ.ኤ.አ. በ2011 መሸጡን ትቶታል። ለጽሑፍ ግን 1.44 ሜጋባይት ቀላል አይደለም፤ የአንድ እድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የአባላት ዝርዝርና የዓመታት ቃለ ጉባኤ ተጠቃሎ ይገባባታል።

አዳማ ውስጥ ፍሎፒ ፍለጋ ኮምፒውተር መሸጫ መዞር ድካም ነው። ያሉት ድሮ ጽሕፈት ይሠራባቸው በነበሩ ቤቶች ነው። ፎቶ ኮፒ የሚያነሱ አንዲት እናት ከመደርደሪያ ሥር ሙሉ ካርቶን አወጡልኝ። «እትዬ፣ ስንት ልክፈል?» ብላቸው «ውሰደው ልጄ፣ ቆራሌው እንኳ አልፈልግም ብሎታል» አሉኝ። ላያቸው ላይ «ማመልከቻ»፣ «ውል»፣ «የሠርግ ጥሪ» ተብሎ ተጽፏል፤ አንዷ ላይ ደግሞ «አይነካ!» ይላል። መጀመሪያ የነካሁት እሷን ነው፤ ባዶ ናት።

ማንበቢያው ውስጥ ከመክተቴ በፊት መከለያዋን ገፋ አድርጌ ውስጡን እያዞርኩ አያለሁ። ነጣ ያለ ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው፤ ማንበቢያውን ያቆሽሸዋል፣ የቆሸሸው ማንበቢያ ደግሞ ቀጥላ የምትገባውን ደህናዋን ይቧጭራል። ከዚያ ጥግ ላይ ያለችውን መቆለፊያ ቀዳዳዋ እስኪከፈት እገፋታለሁ፤ ያኔ ኮምፒውተሩ ያነባል እንጂ ምንም አይጽፍባትም። በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ ለትንንሾቹ፣ ለ3.5 ኢንቾቹ፣ ይበቃል። ፋይል በፋይል አልገለብጥም፤ ሙሉ ዲስኩን እንዳለ አንድ ፋይል አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ዲዲሬስኪው (ddrescue) የተባለ ፕሮግራም ለዚህ ወደር የለውም፤ የተበላሸውን ቦታ ዘሎ ደህናውን ካተረፈ በኋላ ተመልሶ ይታገለዋል።

ዋናው ጣጣ የሚመጣው ፋይሉ ከተገኘ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው የጋራ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ እኛ ጋ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲን ሆሄያት ቦታ ላይ እየተከሉ ነበር የሚሠሩት። የዚያን ዘመን ፎንት (የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል) ቢበዛ 256 ቦታ ነው ያለው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ ብቻቸውን 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቡ ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ አንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፣ ሌላው ከቁራጭ ገጣጠመው፤ ሁሉም በየራሱ መንገድ ሄደ። ትክክለኛው ፎንት ከሌለ የእድሩ ቃለ ጉባኤ ስክሪኑ ላይ የላቲን ምልክት ዝርክርክ ሆኖ ይቀራል።

ለዚህ ነው ከሰነዶቹ ይልቅ ለፎንት መጫኛ ፍሎፒዎች የምሳሳው። አንዷ ከተነበበች በዚያው ፎንት የተጻፉትን ሁሉ ትከፍታለች። ማንም የማይጓጓላቸው የጽሕፈት መለማመጃዎችም ጠቅመውኛል፤ የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ ከእነሱ አመሳክሬ ወደ ዩኒኮድ የምቀይርበትን ሰንጠረዥ አዘጋጅቻለሁ።

የሰው ውልና ማመልከቻ ግን የሰው ነው። ባለቤቱ ከታወቀ በፍላሽ ገልብጬ እመልሳለሁ፤ ካልታወቀ ለማንም አላሳይም። አሁን የቸገረኝ 5.25 ኢንች የሆኑት ሰፋፊዎቹ ናቸው፤ የዩኤስቢው ማንበቢያ አይቀበላቸውም። ከአሮጌ ኮምፒውተር ላይ የተነቀለ፣ የሚሠራ ማንበቢያ ያለው ካለ ዋጋ አልከራከርም።